«ልናገር ስል አፌ ይታሰራል» ላልሽው እህቴ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ 29 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጌታን ከተቀበልኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ኳየርም አገለግላለሁ። ግን ለአንድ ሰው እንኳ መስክሬ አላውቅም። ልናገር ስል አፌ ይታሰራል። አብራኝ የምትሠራ ኦርቶዶክስ ጓደኛ አለችኝ፣ በጣም እንዋደዳለን። ከወር በፊት እናቷ አረፉባት። ለቅሶ ሄጄ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ብዬ ተመለስኩ፣ በቃ። ባለፈው እሁድ ደግሞ ‹ያልመሰከራችሁለት ሰው ደሙ ከእጃችሁ ይፈለጋል› ተብሎ ተሰበከ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ተኚ። ቀልዴን አይደለም። እንቅልፍ አጥቶ የከረመ ሰው ሊመሰክር ሲመጣ ፊቱ ራሱ ያስደነግጣል።

በየአጥቢያው እየዞርኩ የምስክርነት ሥልጠና ስሰጥ 21 ዓመት ሆነኝ። ያንቺን ጥያቄ አዳራሽ ውስጥ እጁን አውጥቶ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ሁሌም የሚመጣው በሻይ ሰዓት ነው። ሰውየው ግራ ቀኙን ያይና ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቀኛል። የሚጠይቁኝ ደግሞ አዲስ አማኞች እንዳይመስሉሽ፤ ዘማሪዎች፣ የሕጻናት አስተማሪዎች፣ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዴ አንድ መጋቢ ጠይቆኛል። ስለዚህ «ኳየር ሆኜ እንዴት» የሚለውን ነገር ተዪው።

ስለ ደሙ ልንገርሽ። ቃሉ ያለው ሕዝቅኤል 3 እና 33 ላይ ነው። እዚያ የሚነገረው ስለ ጉበኛ ነው፣ የአገሩ ሰዎች መርጠው ስላቆሙት፣ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት መንፋት ሥራው ስለሆነ ሰው። ጳውሎስም ከሰው ሁሉ ደም ንጹሕ ነኝ ብሎ የተናገረው በሐዋርያት ሥራ 20 ነው፣ ሦስት ዓመት ሌሊትና ቀን ላስተማራቸው ለኤፌሶን ሽማግሌዎች። ኃላፊነት የለብሽም እያልኩሽ አይደለም። አለብሽ። ግን ያንን ቃል መዝዞ ቢሮ ውስጥ በምትሠራ የ29 ዓመት ልጅ ራስ ላይ መጣል ጥሩ የሚያስጨበጭብ ስብከት ይወጣው ይሆናል እንጂ ምስክር አያወጣም። ስንቱን አይቻለሁ! እሁድ ተሰብኮ ሰኞ ትራክት (የወንጌል በራሪ ወረቀት) ይታደላል፣ ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ ይጮኻል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ጸጥ። በጸጸት የተገፋ ሰው የሚናገረው ሸክሙን ከራሱ ላይ ለማራገፍ ነው። ሰሚው ደግሞ ይሄን ወዲያው ያውቀዋል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ፈሪ ነኝ ብለሽ ያመንሽ ትመስያለሽ፣ እኔ ግን አላመንኩሽም። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። አለቃሽ የማይሆን ደረሰኝ ይዞ ሲመጣ «ይሄ አይወራረድም» ብለሽ መልሰሽበት አታውቂም? ታውቂያለሽ። ፈሪ ሰው እንደዚያ አያደርግም። አፍሽን ያሰረው ሌላ ነገር ነው፣ ስሙም በእኛ ቋንቋ ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታን ዝም ብለን የሰይጣን ወጥመድ አድርገን ስንሰብክ ቅር ይለኛል። ግማሹ መልካም ነገር ነው። ሰው አክብሮ፣ ቦታና ሰዓት ለይቶ መናገርን ያስተማረን እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተሽ እናቷ በተቀበሩ ማግስት «ጌታን ተቀበዪ» ባለማለትሽ እኔ አልወቅስሽም። እንዲያውም እሰይ! ያ ግማሽ ይሉኝታ ጓደኛሽን ጠብቋታል። ሌላው ግማሽ ነው ጣጣው። እሱ የሚጠብቀው የራስሽን ስም ነው። ሁለቱን የምትለዪበት ቀላል መንገድ አለ፤ አፍሽ ሲታሰር «አሁን ብናገር የሚጎዳው ማን ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። መልሱ «እሷ ትጎዳለች፣ ደክሟታል፣ ሰው በተሰበሰበበት ታፍራለች» ከሆነ ዝም በዪ፣ ያ ዝምታ ፍቅር ነው። መልሱ «እኔን ‹ጴንጤዋ መጣች› ይሉኛል» ከሆነ ግን ልንገርሽ፣ ድሮም ይሉሻል።

እውነቴን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልታወቀብሽ መስሎሻል? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮቴስታንት የሆነው ከመቶ 8 እንኳ አይሞላም ነበር፣ ኦርቶዶክሱ 75 ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ሃያ ሰው ባለበት ቢሮ አንዷ ረቡዕና ዓርብ ምን እንደምትበላ የማያውቅ የለም። ምሳ ሳህንሽ ካንቺ ቀድሞ ተናግሯል። (በነገራችን ላይ ረቡዕ ረቡዕ ከጓደኛሽ ጋር ሽሮ ብትበዪ ምን ይቀርብሻል? የማትጾሚውን ጾም እጾማለሁ ብለሽ አስመስዪ አላልኩሽም፤ አብረሽ ብዪ ነው ያልኩሽ። ጳውሎስ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ለዘላለም አልበላም ብሏል። እኛ ግን ጾመኛ ፊት ጥብስ መብላትን ነፃነት አድርገን እንቆጥረዋለን። እኔ ስድነት ብዬዋለሁ፣ ቅር የሚለው ይበለው።)

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ነው፣ ጌታን ከተቀበልኩ ገና ስምንት ወሬ። አጎቴ ቤት የልጃቸው ክርስትና ነበር፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቧል። እኔ ድፍረት መንፈሳዊነት መስሎኝ ተነሣሁና ግድግዳው ላይ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል በጣቴ እየጠቆምኩ መስበክ ጀመርኩ። አጎቴ አልተቆጡም። ብርሌያቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ከክፍሉ ወጡ። አራት ዓመት አላናገሩኝም። እኔ ግን ያን ማታ ፌሎሺፕ፣ የአማኝ ተማሪዎች ኅብረት፣ ሄጄ «ስለ ስሙ ተሰደድኩ» ብዬ መስክሬአለሁ፣ አጨብጭበውልኛል። ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ከዓመታት በኋላ ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሁለቴ እጥበት ነበረባቸው፣ ልጆቻቸው ደግሞ ውጭ አገር ናቸው። የማመላልሳቸው እኔ ሆንኩ። ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፣ እውነት ለመናገር አፍሬ ነው። ሰባት ወር ገደማ ሲሆነን አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ «አንተ፣ ግን ያኔ ምን ልትለኝ ነበር?» አሉኝ። አስቢው እስቲ፣ ያን ሁሉ ዓመት ጥያቄውን ይዘውት ኖረዋል። እኔም ነገርኳቸው። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስለ ሥዕሉ አላነሳሁም። አባቴ ከሞተ በኋላ ማታ ማታ ያስፈራኝ የነበረውን፣ ክርስቶስ ስለ እኔ መሞቱን የሰማሁበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠና ምን እስካሁን እንዳልተለወጠ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «ዳዊት አንብብልኝ» አሉ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን፣ በግዕዙ ዳዊት 22ኛውን። እስኪያርፉ ድረስ በእያንዳንዱ እጥበት አነበብኩላቸው። የተቀበሩት በቤተ ክርስቲያናቸው፣ ፍትሐት ተደርጎላቸው ነው። እኔም ነበርኩ። የምስክርነት ሪፖርት ላይ ግን የት ቦታ እንደምጽፋቸው አላውቅም፣ «የመሰከራችሁላቸው» እና «የተቀበሉ» ከሚሉት ሁለት ሣጥኖች በአንዱም አልገቡልኝም።

ይሄን የነገርኩሽ ለምንድነው፣ ብዙ ሰው አፉ የሚታሰረው ምስክርነትን እንደ ክርክር ስለሚያስበው ነው። አንድ ሰው ያሸንፋል፣ አንድ ሰው ይሸነፋል። አንቺ ደግሞ ጓደኛሽን ማሸነፍ አትፈልጊም። እኔም እንድታሸንፊያት አልፈልግም! «ምስክር» የሚለውን ቃል እስቲ ከፍርድ ቤት አምጪው። ምስክር ቀርቦ ሲምል ዳኛው ሕጉን አይጠይቀውም፣ ያየኸውን ተናገር ነው የሚለው። ሕጉን የሚጠቅሰው ጠበቃ ነው፣ የሚፈርደው ዳኛ ነው። እኛ ሦስቱንም ወንበር ለመያዝ ስንሮጥ ነው ልባችን የሚቆመው።

ዮሐንስ 9 ላይ ያለውን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ታውቂዋለሽ። ፈሪሳውያን አፋጥጠው ሲይዙት ዕውር እንደነበርኩ አሁን እንደማይ አንድ ይህን አውቃለሁ አላቸው። ይሄን ሁሉም ይሰብከዋል። እኔ የምወደው ግን የወላጆቹን ክፍል ነው። ልጃቸው መሆኑን፣ ዕውር ሆኖ መወለዱን ተናገሩ። እንዴት እንዳየ ሲጠየቁ «እርሱን ጠይቁት፣ ሙሉ ሰው ነው» ብለው ሸሹ። ምክንያቱንም ወንጌሉ ይጽፈዋል፤ ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው ነው። ይሉኝታ ከዚህ በላይ የት አለ? ደግሞ ኢየሱስ ልጁን ፈልጎ ሲያገኘው እናያለን እንጂ ወላጆቹን ሲረግም አናይም። ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች በድካምና በፍርሃት በብዙ መንቀጥቀጥም ወደ እናንተ መጣሁ ብሏቸዋል። ኤፌሶን 6 ላይም አፌን በመክፈት ቃል ይሰጠኝ ዘንድ ጸልዩልኝ ይላል። ጳውሎስ እኮ ነው! እሱ ጸሎት ከለመነ አንቺ ሒሳብ ሠራተኛዋ ብትለምኚ አያስገርምም። እኔ ደፋር ምስክር የምለው ከንግግሩ በፊት ሆዱ የሚገለባበጥበትን ሰው ነው። የማይገለባበጥበትን እፈራዋለሁ፣ ምክንያቱም እሱ እኔ ነበርኩ፣ አጎቴ ቤት።

«ግን እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብትጠይቀኝስ» የሚል ነገር ውስጥሽ ሳይኖር አይቀርም፣ ባትጽፊውም። ወላይታን አስቢ። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ አገሪቱን ለቀው ሲወጡ ትተው የሄዱት 48 ያህል የተጠመቁ አማኞችን ነበር። በወላይትኛ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ማንበብ አይችልም። እስራት ነበር፣ ግርፋት ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ አማኞቹ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። ሴሚናሪ ማን ከፈተላቸው? የሆነላቸውን ለጎረቤት ነገሩ፣ ገበያ ላይ ነገሩ፣ የታሰረውን እየሄዱ አበሉ። በቃ።

ስለዚህ «አላውቅም» የሚለውን ቃል ልመጂ። «እሱን አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ።» ይሄን ስትዪ ሰው ይቀርብሻል እንጂ አይንቅሽም። መምጣታቸው የማይቀር ጥያቄዎች ግን አሉ። አንዱ «እናንተ ማርያምን ለምን ትጠላላችሁ?» ነው። ለዚህ መልስ አጥተሽ እንዳትንተባተቢ። እንደማንጠላት ንገሪያት፤ ሉቃስ 1 ላይ ትውልድ ሁሉ ብፅዕት እንደሚላት ተጽፏል፣ እኛም ትውልድ ነን። ልዩነት አለን፣ አልደብቅሽም በያት። ከዚያ ወደ ልጇ ተመለሺ። ጓደኛሽ የክርስቶስን ስም ከሕጻንነቷ ጀምሮ ስትጠራ የኖረች ልጅ ናት። የኢየሱስን ስም ሰምታ እንደማታውቅ አድርገሽ ብትጀምሪያት ስድብ ነው። እኔ በበኩሌ ሰውን ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው አጥቢያ ማዛወርን ምስክርነት ብዬ መጥራት አቁሜያለሁ። በዚህ የሚቆጡኝ ወንድሞች አሉ፣ ይቆጡኝ።

አሁን ጓደኛሽን እንያት። ከወር በፊት ካልሽ አርባው ተቃርቧል ማለት ነው። የኛን ለቅሶ ታውቂዋለሽ፤ እስከ ሰልስት ድንኳኑ ይሞላል፣ ለአርባው ደግሞ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ኑሮው። ሐዘንተኛው እውነተኛውን ሐዘን የሚጀምረው ያኔ ነው። አንቺ ከአርባው በኋላ ባለው ሳምንት ሂጂ። ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ። መጽሐፍ ቅዱስሽን ቦርሳ ውስጥ ተዪው፣ ትራክት ደግሞ ቤትሽ ይቅር። ቡናው ሲፈላ «እማማ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብለሽ ጠይቂ። አየሽ፣ ሁሉም «ተይው አታልቅሺ፣ ተጽናኚ» ብሏታል፣ ስለ እናቷ እንድታወራ የጋበዛት ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ታውራ። ታልቅስ። አታቋርጪያት። የመጀመሪያው ቀን በዚህ ቢያልቅ አልቋል፣ መመስከር አቃተኝ ብለሽ እያለቀስሽ እንዳትመለሺ።

ልትነሺ ስትዪ ልብሽ ከፈቀደ «ልጸልይልሽ?» በያት። በ21 ዓመት ውስጥ ይሄን ጥያቄ እምቢ ያሉኝ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም በትሕትና ነው። እሺ ካለች አጭር ጸልዪ። ጩኸት የለም፣ በልሳን የለም፣ ራሷ ላይ እጅ መጫን የለም። እናቷን በስማቸው ጥሪያቸው፣ ስለ ሰጠኻት እናመሰግንሃለን በዪ፣ ለእሷ ማታ ማታ እንቅልፍ ስጣት በዪ፣ በኢየሱስ ስም አሜን። አንድ ደቂቃ።

አንድ ከባድ ነገር ሊመጣ ይችላል። «እናቴ አሁን የት ያለች ይመስልሻል?» ብላ ልትጠይቅሽ ትችላለች። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወድቋል፣ አንዱ ገሃነም እያለ፣ አንዱ የማያውቀውን ገነት እየማለ። ሁለቱንም አትበዪ። «እኔ ዳኛ አይደለሁም። የሚፈርደው ከእኔም ከአንቺም በላይ የሚያውቃቸውና የሚወዳቸው ነው» በያትና እጇን ያዢ። ይሄ ማምለጫ እንዳይመስልሽ፣ የምናውቀው እዚህ ድረስ ነው።

የራስሽን ታሪክ ግን እስከዚያ አዘጋጅተሽ ጠብቂ። ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ሲነበብ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ቀይ እስክሪብቶ አንሺና የኛን ቤት ቋንቋ ሰርዢ። «ጌታ ነካኝ»፣ «ሸክም ተሰማኝ»፣ «ከዓለም ወጣሁ»፣ «ተሰበርኩ»። ተሰበርኩ ስትያት የት ጋ ብላ ትደነግጣለች! «ከጨለማ ወደ ብርሃን ወጣሁ» ከሚለው ይልቅ ጨለማው ምን እንደነበር ጻፊ። ለምሳሌ «ከእህቴ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈን ነበር፣ እኔ ነበርኩ ጥፋተኛዋ፣ ክርስቶስ የእኔን ኃጢአት ተሸክሞልኛል የሚለው ሲገባኝ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ» ዓይነት። ያልተለወጠውንም አስገቢበት። እስካሁን ቁጣሽ ካልለቀቀሽ ተናገሪው፣ ቢሮ አብራሽ ውላለችና እንደሆነ ታውቀዋለች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ለማይሄድ ዘመድሽ አንብቢለትና «ያልገባህ ቃል አለ?» በይው።

የስብከት ቪዲዮ በቴሌግራም መላክ አይቆጠርም። ተዪው፣ አንቺም ራስሽ ሲላክልሽ አታዪውም።

ሥራ ቦታን በተመለከተ አንድ ሁለት ነገር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመያዝ፣ የመግለጽና የማስተማር መብት ይሰጥሻል። ያው አንቀጽ ማንም እንዳይገደድ ይከለክላል። ስለዚህ በምሳና በሻይ ሰዓት እንጂ በሥራ ሰዓት አይሁን፣ ያ ሰዓት የቀጣሪሽ ነው። ነገ አለቃ ስትሆኚ ደግሞ ከሥርሽ ላለ ሰው መጀመሪያ አንቺ አታንሺው፣ እሺ የሚልሽ ለወንጌሉ ይሁን ለደመወዝ ጭማሪው አታውቂምና። ይሄን ሳዑዲ ወይም ዱባይ በሰው ቤት እየሠራችሁ የምታነቡ እህቶች ካላችሁ፣ እዚያ ሕጉ ሌላ ነው፣ ሌላውን ወደ ክርስትና መጥራት ያስከስሳል። በአዲስ አበባ ልክ አትመዝኑት።

የመጨረሻ ጥያቄሽ «ምን ላድርግ» ነበር። ዛሬ ማታ ወረቀቱን ጻፊ። ለሁለት እህቶች ብቻ ንገሪና ከአርባው በኋላ ስትሄጂ ይጸልዩልሽ፣ መድረክ ላይ ግን እንዳታስነግሪው፣ የጓደኛሽ ሐዘን የጸሎት ርዕስ ተብሎ ሕዝብ ፊት ሲነበብ ብትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቢ። ረቡዕ ሽሮ አብራችሁ ብሉ። ከዚያ ቡናሽን ይዘሽ ሂጂ። ስትመለሺ ጻፊልኝ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ብትመለሺም ጻፊልኝ፣ እማማ እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩም መስማት እፈልጋለሁ።